የጥርስ ነው ወይስ የድንጋይ? በጥንታዊ አጥንት ላይ ስለሚገኝ ጭረት

ከምድር ተቆፍሮ በወጣ ጥንታዊ አጥንት ላይ ጭረት ሲገኝ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» የሚል ነው። ሥጋ የሚገፍ ባለ ድንጋይ እጅ፥ አጥንት የቆረጠመ ጅብ፥ በውሃ ዳር ያደባ አዞ፥ በአሸዋ ላይ ያለፈ የእንስሳ ኮቴ፥ ሁሉም ምልክት ይተዋሉ፤ ምልክታቸውም አንዳንድ ጊዜ እጅግ ይመሳሰላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የመለያውን መንገድ ለጓደኞቻችን ለማስረዳት እንሞክራለን።

የድንጋይ ስለት በአጥንት ላይ ሲያልፍ ጠባብና ወደ ታች የሾለ ቦይ ያበጃል። የድንጋዩ ጠርዝ እንደ ብረት ካራ ልሙጥ ስላልሆነ፥ በቦዩ ውስጥ ጎን ለጎን የተሰለፉ ረቂቅ መስመሮች በአጉሊ መነጽር ይታያሉ። የጅብ ጥርስ ግን ደነዝ ስለ ሆነ ቦዩ ሰፊ፥ ወለሉም ክብ ነው፤ በአጠገቡም የጥርስ ጉድጓዶችና የተጋጡ የአጥንት ጫፎች ይገኛሉ። ኮቴ ከአሸዋ ጋር ሲረግጠው የሚወጣው ጭረት ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የሌለውና አቅጣጫው የተዘበራረቀ ነው። የቆፋሪው መሣሪያ በቅርቡ የጫረው እንደ ሆነ ደግሞ የጭረቱ ውስጥ ቀለም ከቀረው የአጥንት ገጽ ይለያል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አዞ ነው። ጥርሱ ሾጣጣ ሆኖ በፊትና በኋላ ስለታም ጠርዝ አለው፤ ስለዚህ እንደ ድንጋይ ስለት የሾለ ቦይ ሊያወጣ ይችላል። አዞ አላምጦ ስለማይበላም የጅብን መኖር የሚያሳብቀው የተጋጠ ጫፍ አይገኝም። ጃክሰን ንጃውና ሮበርት ብሉመንሻይን በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ በመካከሉ በቀጭን መስመር ለሁለት የተከፈለ ጉድጓድ የአዞ መለያ መሆኑን አመልክተዋል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል የዲኪካን ምሳሌ እንውሰድ። በ2010 እ.ኤ.አ. ሻነን ማክፌሮን፥ ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቻቸው በአፋር ምድር በዲኪካ የተገኙ፥ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ ሁለት አጥንቶች የድንጋይ ስለት ምልክት አለባቸው ብለው ጻፉ። በዚያን ጊዜ ከሚታወቁት የድንጋይ መሣሪያዎች ጥንታዊ የነበሩት የጎና ሲሆኑ፥ ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ በሁለት አጥንቶች ምስክርነት የመሣሪያ ታሪክ 800,000 ዓመት ያህል ወደ ኋላ ሊሄድ፥ የሉሲም ወገኖች ሥጋ በድንጋይ የሚቆርጡ ሊባሉ ነው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ማኑኤል ዶሚንጌዝ ሮድሪጎና ባልደረቦቹ ምልክቱ ከኮቴ ጭረት ጋር ይመሳሰላል ሲሉ ተቃወሙ። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዮናታን ሳህሌ፥ ሲሪን ኤል ዛታሪና ቲም ዋይት የአዞ ንክሻ ከድንጋይ ስለት ጋር እንደሚምታታ አስረድተው፥ በምልክቱ ቅርጽ ብቻ መፍረድ እንደማይገባ አሳሰቡ። በመካከሉ በ2015 እ.ኤ.አ. በኬንያ ከሎሜክዊ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ የተሰጣቸው የድንጋይ መሣሪያዎች መገኘታቸው ተገልጿል። ይህ የዲኪካን ሐሳብ የሚቻል ያደርገዋል፤ የእነዚያን ሁለት አጥንቶች ጭረት ማን እንዳወጣው ግን አያረጋግጥም።

እኛም ከዚህ የምንማረው፥ አንድ ጭረት ብቻውን ሙሉ ምስክር አለመሆኑን ነው። ምልክቱ ሥጋና ጅማት በሚያያዝበት ስፍራ ነውን? አጥንቱ ያረፈው በወንዝ ዳር ነውን? በአጠገቡ መሣሪያ ተገኝቷልን? እነዚህ ሁሉ ተጠይቀው ምላሻቸው ሲስማማ ፍርዱ ይጸናል፤ ባይስማማ ግን ጥያቄውን ክፍት መተው ለተመራማሪ ነውር አይደለም።