ቻርትን ከኤክሴል ወደ ስላይድ አጥርቶ ስለ ማዛወር

«ነገር በምሳሌ፥ ጠጅ በብርሌ» ይላሉ አባቶቻችን። ተማሪ በጥናት የሰበሰበውን ቁጥር ለፈታኞቹ የሚያቀርብበት ብርሌ ቻርት ነው። ብርሌው ከደፈረሰ ግን ጠጁ ምን ቢጥም ማን ያየዋል?

በልደታ የሚገኘው የሕንፃ ኮሌጅ በ1954 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር ሲቋቋም፥ ግራፍ የሚሠራው በእጅ፥ በቀለምና በማስመሪያ ነበር። ዛሬ ይህን ድካም ኤክሴል አቃሎልናል። ይሁን እንጂ ጥናት በሚቀርብበት ዕለት ከኋላ የተቀመጠው ሰው ቁጥሩን ማንበብ ሲያቅተው ደጋግመን አይተናል።

ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ይኸውም ቻርቱን በስክሪንሾት አንሥተን በስላይዱ ላይ ስለምንለጥጠው ነው። ስክሪንሾት ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሲለጠጥ ነጥቦቹ ይሰፋሉ እንጂ አይበዙም። 1920 በ1080 ነጥብ በሚያሳይ ፕሮጀክተር ላይ፥ የስላይዱን ግማሽ ወርድ የሚይዝ ሥዕል ቢያንስ 960 ነጥብ ስፋት ያስፈልገዋል። 400 ብቻ ካለው መደብዘዙ አይቀርም።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። ቻርቱን ኮፒ ካደረጉ በኋላ፥ በፓወርፖይንት ኮንትሮል፥ አልትና ቪ የተባሉትን ቁልፎች አንድነት ተጭኖ «ፔስት ስፔሻል»ን መክፈት ነው። በዚያ ከሚገኙት ምርጫዎች «ኢንሃንስድ ሜታፋይል» የተባለው ቻርቱን በነጥብ ሳይሆን በመስመር መልክ ስለሚይዘው፥ ቢለጠጥም አይደበዝዝም። ነገር ግን በምናቀርብበት ኮምፒዩተር ላይ የተጠቀምንበት የግዕዝ ፊደል ዓይነት ከሌለ ጽሑፉ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በሰው ኮምፒዩተር የምናቀርብ ከሆነ «ፒኤንጂ»ን መምረጥ ይገባናል፤ እርሱ ፊደሉንም ሥዕል ያደርገዋል። ይሁንና ፒኤንጂ በነጥብ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ቻርቱን አስቀድሞ በኤክሴል ውስጥ በስላይዱ ላይ ከሚይዘው ቦታ እጥፍ አስፍቶ፥ ፊደሉንም በዚያው ልክ አጉልቶ፥ ከለጠፉ በኋላ ማሳነስ ያስፈልጋል። «ጄፔግ» ግን በመስመርና በፊደል ዙሪያ እድፍ ስለሚተው ለፎቶግራፍ እንጂ ለቻርት አይስማማም።

ከጥራቱም ሌላ የምናስበው ነገር አለ። «ኢምቤድ ወርክቡክ» የሚለውን ምርጫ የወሰድን እንደ ሆነ፥ ቻርቱ ብቻ ሳይሆን የኤክሴሉ መዝገብ በሙሉ ከስላይዱ ጋር አብሮ ይሄዳል። በልደታ ሠፈር ከቤት ወደ ቤት ዞረን ስለ ኪራይና ስለ ገቢ ጠይቀን የጻፍነው የሰው ስም በዚያ መዝገብ ውስጥ ካለ፥ ስላይዱ የደረሰው ሁሉ ከፍቶ ሊያነበው ይችላል ማለት ነው። በሥዕል መልክ የተለጠፈ ቻርት ግን ከሚታየው በቀር ምንም አያሳልፍም።

በራቸውን ከፍተው፥ ቡና አቅርበው የቤታቸውን ጉዳይ የነገሩን እናቶችና አባቶች አደራ ጥለውብናል። ስለዚህ ስላይዳችንን ለሰው ከመስጠታችን በፊት እያንዳንዱን ቻርት ጠቅ አድርገን እንመርምር፤ «ኤዲት ዳታ» የሚል ትእዛዝ የሚያወጣልን ከሆነ፥ ያ ቻርት ገና ሥዕል አልሆነምና በሥዕል እንተካው።