የመርጡለ ማርያም ድንጋይ የማን ነው?

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው ደብረ ወርቅ ሲደርስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢታጠፍ እነብሴ ሳር ምድር ይገባል። እዚያ ደብሯም ከተማዋም መርጡለ ማርያም ይባላሉ። መርጡል በግዕዝ ድንኳን ወይም አዳራሽ ማለት ስለሆነ፣ ስሙ «የማርያም አዳራሽ» እንደ ማለት ነው። በደብሩ ውስጥ ጣራው የወደቀ፣ ጥርብ ድንጋዩ አበባና ሐረግ የተቀረጸበት የጥንት ሕንፃ ግድግዳ ቆሟል።

ከመካከላችን ወደዚያ አካባቢ የሚመደብ መምህር አንድ ቀን «ጋሼ፣ ይህን ማን ሠራው?» መባሉ አይቀርም። ታዲያ ብዙዎቻችን «ፖርቱጋሎች!» ብለን እንገላገላለን። ነገሩ ግን በአንዲት ቃል የሚያልቅ አይደለም። እስቲ ምስክሮቹን በተራ እንያቸው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምስክር ትውፊት ነው። አባቶች ቦታው በብሉይ ኪዳን ዘመን መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብበት እንደነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑንም አብርሃና አጽብሃ እንደተከሉት ይናገራሉ። ይህ ራሱ ቅርስ ነውና መናቅ የለበትም። ስናስተምረው ግን «ትውፊቱ እንዲህ ይላል» ብለን እናስተምር።

ሁለተኛው ምስክር ጽሑፍ ነው። ታላቁን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ ናቸው። እሌኒ የሐድያ ገዥ ልጅና የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት ነበሩ። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1508 በልጅነታቸው ሲነግሡም አገሩን በሞግዚትነት መርተዋል። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፣ እሌኒ በጎጃም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን መንበሩ ከእንጨትና ከወርቅ እንደተሠራ ጽፏል። አሠራሩን ያሳየው ቀደም ብሎ መጥቶ እዚሁ የቀረው ፔሮ ዳ ኮቪልያም ነበር። እንግዲህ የውጭ አገር ሰው እጅ አለበት፤ አሳቢዋና አሠሪዋ ግን ኢትዮጵያዊት ንግሥት ናት።

ያ ሕንፃ በግራኝ አሕመድ ጦርነት (1529–1543) ተዘርፎ ተቃጠለ። ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) የካቶሊክን እምነት ሲቀበሉ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በፍርስራሹ ላይ እንደገና ሠሩ። የሥራው መሪ ብሩኖ ብሩኒ ደግሞ ፖርቱጋላዊ ሳይሆን ጣሊያናዊ ነበር! በዐፄ ፋሲል ዘመን ሚሲዮናውያኑ ተባረሩ። በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃምን የዞረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ የደረሰው ፍርስራሹን ለማየት ነው። ያየውንም በ1847 ለንደን ውስጥ አሳተመ።

ሦስተኛው ምስክር ድንጋዩ ራሱ ነው። የትኛው ቅርጽ ከእሌኒ ዘመን፣ የትኛውስ ከሚሲዮናውያኑ ዘመን እንደሆነ ባለሙያዎች ሲከራከሩበት ቆይተዋል። ክርክሩ የሚዳኘው በወሬ ሳይሆን ድንጋዩን፣ አጠራረቡንና አቀማመጡን በማየት ነው።

የሞጣ ልጆችም ተመሳሳይ ነገር በደጃቸው አለ። ከሞጣ ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረውን የዓባይ ሰባራ ድልድይ «የፖርቱጋል ድልድይ» የሚሉ አሉ። ነገር ግን የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ ሚሲዮናውያኑ ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። በሱስንዮስ ጊዜ የተስፋፋው የኖራ ግንባታ ሙያ እዚሁ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። ድልድዩ በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቆርጦ፣ ሰው ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር።

ጥርብ ድንጋይ ለቤት መሠረት ስለሚመች በየትም አገር የፍርስራሽ ጠላቱ ዝናብ ብቻ አይደለም። በዌልስ ገጠር ካየርወንት በምትባል መንደር የሮማውያን ጽሑፍ ያለባቸው ድንጋዮች በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መግቢያ ቆመው ሕዝቡ ይጠብቃቸዋል። ተነበው ታሪክ የሆኑት ስለተጠበቁ ነው።

ስለዚህ ስንመደብ እንዲህ እናድርግ። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደን ተማሪዎቻችንን ይዘን እንሂድ። ይለኩ፣ ይሣሉ፣ አባቶችን ይጠይቁ፤ የሰሙትንና ያዩትን ለየብቻ ይጻፉ። አንዲት ጠጠር እንኳ አያንሡ፤ ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። «ማን ሠራው?» ላለን ልጅም «ንግሥት እሌኒ ጀመሩት፣ እሳት በላው፣ ሌሎች ቀጠሉት፤ ጠብቆ ማቆየቱ ደግሞ ያንተ ተራ ነው» እንበለው።