ናሽናልስ ገንዘብ ያውጣ፤ ግን ምን ላይ?

የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊዎች ምሬት ዘንድሮ ብሷል። ቡድናቸው በ2019 የአሜሪካ ቤዝቦል ሻምፒዮን ከሆነ ወዲህ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሽንፈቱ ከድሉ ያልበለጠበት አንድም ዓመት የለም። በ2022 107 ጊዜ ተሸነፈ። በ2025 ደግሞ 66 ጨዋታ አሸንፎ 96 ተሸነፈ። ሻምፒዮኑን ቡድን የገነባው ማይክ ሪዞና አሰልጣኙ ዴቭ ማርቲኔዝ በጁላይ በአንድ ቀን ተሰናበቱ።

ይህን የምጽፈው በ2025 መጨረሻ፣ በዝውውሩ ወራት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሌክሳንድሪያ ቤዝቦል የለመዱ ወገኖቻችን ሲገናኙ የሚሉት አንድ ነው፤ ባለቤቶቹ፣ የለርነር ቤተሰቦች፣ ሀብታም ናቸው፣ ገንዘብ ያውጡ። አንድ አንባቢ ከምሬት አልፈው የራሳቸውን የስብስብ ዕቅድ ልከውልኛል። በግራ በኩል የሚቆዩት ተዘርዝረዋል፦ ጄምስ ዉድ፣ ሲጄ ኤብራምስና ማኬንዚ ጎር። በቀኝ በኩል የሚገዙት፦ አንደኛ ቤዝ ላይ የሚቆም ጠንካራ መቺ፣ ጨዋታ የሚጀምሩ ሁለት ወርዋሪዎች፣ በመጨረሻው ዙር ገብቶ ጨዋታ የሚዘጋ አንድ ወርዋሪ። ሁሉም ከነጻ ተጫዋቾች፣ ማለትም ከፈለጉት ቡድን ጋር መዋዋል ከሚችሉት፣ ገበያ፣ ሁሉም በረጅም ውል። ከድምሩ ሥር በቀይ እስክሪብቶ «ገንዘቡ አለ» ተብሎ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ገንዘቡ አለ በሚለው እስማማለሁ። የማልስማማው በግዢው ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። የለርነር ቤተሰብ ቡድኑን በ2006 በ450 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዛሬ ፎርብስ የሚሰጠው ግምት ሁለት ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በ2008 የተከፈተውን ስታዲየም የሠራው ከተማው ነው፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበታል። ለዚህ የተሸጠውን ቦንድ ለመክፈል ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ5 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ የከተማው ድርጅቶች ልዩ ክፍያ እንዲያዋጡ ተደርጓል። የቡድን ባለቤቶች «ዘንድሮ ከሰርን» ሲሉ የንብረቱ ዋጋ መናር በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። መዝገባቸውንም አያሳዩም። ከሠላሳዎቹ ቡድኖች መካከል እንደ ማንኛውም አክሲዮኑ በገበያ እንደሚሸጥ ኩባንያ የራሱን ሒሳብ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የአትላንታ ብሬቭስ ነው። ስለዚህ «አቅም የለንም» የሚለውን መግለጫ እኔ እንደ መረጃ አልቆጥረውም። የናሽናልስ ዋና ሰበብ ሆኖ የኖረው ከባልቲሞር ጋር የነበረው የቴሌቪዥን መብት ክርክር እንኳ በማርች 2025 በስምምነት ተዘግቷል።

ወደ ግዢው እንመለስ። ነጻ ተጫዋች ለምን ይህን ያህል ይወደዳል ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የቴሌቪዥን ገንዘብ። ይህ መልስ ስለ ገቢው መጠን እንጂ ስለ ክፍፍሉ የሚነግረን ነገር የለም። የ32 ዓመቱ ሰው፣ ከእሱ የተሻለ ከሚመታው የ23 ዓመት ልጅ ሃያና ሠላሳ እጥፍ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያሳያቸው። «ልጁ ገና ስላልተፈተነ ነው» የሚሉም አሉ። ሁዋን ሶቶ በ2019 ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ 34 ሆም ራን መትቶ ዋሽንግተንን ለሻምፒዮንነት ካበቁት አንዱ ሆነ፤ የዚያ ዓመት ደመወዙ ግን ከ600 ሺህ ዶላር በታች ነበር። ከዚህ በላይ ምን ፈተና አለ?

ልጁ ርካሽ የሆነው ገዢው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ተጫዋች ወደ ዋናው ሊግ ካደገ በኋላ ስድስት የአገልግሎት ዓመት እስኪሞላው በያዘው ቡድን እጅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ቡድኑ ከደመወዝ ወለሉ በላይ የፈለገውን ይከፍለዋል፤ ወለሉ በ2025 760 ሺህ ዶላር ነበር። በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ደመወዙን በግልግል ዳኞች ፊት መከራከር ይችላል፤ ሌላ ቡድን መምረጥ ግን አይችልም። ወደ ሌላ ቡድን ቢዘዋወር እንኳ የቀሩት ዓመታት አብረውት ይዘዋወራሉ። ስድስቱ ሲያልቁ ብቻ ነው ሠላሳ ገዢ የሚያገኘው። አብዛኛው ተጫዋች ያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ደርሷል ወይም ተጠግቷል።

ደንቡ ከየት መጣ? እስከ 1975 ድረስ ተጫዋች ዕድሜ ልኩን የአንድ ቡድን ንብረት ነበር። በዚያ ዓመት ዲሴምበር ላይ ገላጋዩ ፒተር ሳይትስ፣ ያለ ውል አንድ ዓመት የተጫወተ ሰው ነጻ ነው ብሎ ፈረደ። ባለቤቶቹ ተደናገጡ። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ፣ የኦክላንዱ ቻርሊ ፊንሊ፣ ሁሉንም ተጫዋች በየዓመቱ ነጻ እናድርግ የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ገበያው በተጫዋች ሲጥለቀለቅ ዋጋው ይወድቃል ማለቱ ነበር። የሰማው አልነበረም። የተጫዋቾች ማኅበር መሪ ማርቪን ሚለር ግን ሰምቶታል። ሚለር ከዚያ በፊት የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የኢኮኖሚ ባለሙያ ነበር፤ ያኔ የሚፈራው ነገር ቢኖር ባለቤቶቹ የፊንሊን ሐሳብ እንዳይቀበሉ እንደነበር በኋላ በማስታወሻው ጽፏል። በ1976 ድርድር ስድስት ዓመት የሚለው ደንብ ሲጸድቅ ባለቤቶቹ ያሸነፉ መሰላቸው። ሚለር ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ሰው ብቻ ወደ ገበያ እንዲወጣ በማድረጉ የእነዚያን ጥቂቶች ዋጋ ሰቀለው። በ1976 51 ሺህ ዶላር ገደማ የነበረው አማካይ ደመወዝ በ1980 ወደ 144 ሺህ ደረሰ።

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ከቤት ኪራይ ያውቀዋል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለዓመታት ሳይነቃነቅ ኖሯል፤ የያዘው ሰው አይለቅም፤ ስለዚህ ቤት ፈላጊው ሁሉ በቀሩት ጥቂት የግል ቤቶች ላይ ይረባረባል። የግሉ ኪራይ የናረው በከፊል የቀበሌው ስለታሰረ ነው። በቤዝቦልም አንደኛው ዋጋ ሌላኛውን ይወልዳል። ቡድኖች በወጣቶቹ ላይ ያተረፉትን ይዘው በክረምት አንድ ጠባብ ገበያ ውስጥ ይጋፋሉ። ከ23 እስከ 28 ዓመት ያለው ጉልበት በትእዛዝ ዋጋ ይሸጣል፤ ከሠላሳ በኋላ ያለው በጨረታ።

ቡድኖቹ ይህን ምን ያህል ጠንቅቀው እንደሚያውቁት ለመረዳት አንዲት ቀን ብቻ ማየት ይበቃል። አንድ የአገልግሎት ዓመት የሚባለው 172 ቀን ነው። በ2015 የቺካጎ ከብስ ክሪስ ብራያንት የተባለውን ኮከባቸውን የውድድሩ መጀመሪያ ላይ ታችኛው ሊግ አቆይተው አሳደጉት። ዓመቱ ሲያልቅ 171 ቀን ተቆጠረለት። አንዲት ቀን ጎድላ ቡድኑ ተጨማሪ ሙሉ ዓመት አገኘ። ተጫዋቹ ከሰሰ፤ በ2020 መጀመሪያ ላይ ተፈረደበት። ከ2022 ወዲህ በዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ አንደኛና ሁለተኛ ለሚወጡት ሙሉ ዓመት ይቆጠርላቸዋል፤ ለቀሩት ግን ስሌቱ ያው ነው።

የአንባቢዬን ዕቅድ በዚህ ዓይን ልመልከተው። በግራ በኩል ያሉት ሦስቱም ስሞች የመጡት በኦገስት 2, 2022 በተደረገ አንድ ዝውውር ነው። ሶቶ የ15 ዓመትና የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ሲል ናሽናልስ ወደ ሳንዲያጎ ሸጠው። ያን ቀን ብዙ ደጋፊ አለቀሰ። ሳንዲያጎ የገዛው ግን የሶቶን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ብቻ ነበር፤ በምላሹ የሰጠው የብዙ ወጣቶች ስድስት ስድስት ዓመት ገደማ ነው። ዉድ በ2025 31 ሆም ራን መታ፤ የተከፈለው ከወለሉ ብዙም የማይርቅ ነው፤ በቡድኑ እጅ እስከ 2030 ይቆያል። ኤብራምስ እስከ 2028፣ ጎር እስከ 2027። ሶቶ ራሱ ገና በ19 ዓመቱ ስለጀመረ በ26 ዓመቱ ነጻ ወጣና ከኒውዮርክ ሜትስ ጋር በ765 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። በዚያ ዕድሜ ገበያ የሚወጣ እጅግ ጥቂት ነው፤ የዋጋውም ምሥጢር ይኸው ነው።

የቀኙን ዓምድ ደግሞ ዋሽንግተን ከዚህ በፊት ሞክራዋለች። ስቲቨን ስትራስበርግ ከ2019ኙ ድል ማግስት በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው፤ ትከሻው እምቢ አለ። ፓትሪክ ኮርቢን በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ተከፈለው። የ2019ን የመጨረሻ ጨዋታ በትልቁ የረዳ ሰው ነው፣ ይህን ውለታውን አልክድም፤ በ2022 ግን 19 ጊዜ ተሸንፎ ከሊጉ ሁሉ የባሰ ሆነ። ሁለቱም ክፉ ዕድል ብቻ አልነበሩም። ቡድኑ የከፈለው ባለፈው ሥራቸው ተገምቶ፣ የገዛው ደግሞ የሚመጣውን ዕድሜያቸውን ነበር።

እና ምን ይደረግ? ገንዘቡ በቅድሚያ ወደ ዉድ ይሂድ። ነጻ የሚወጣባቸውን ዓመታት አሁን መግዛት ከ2030 በኋላ በጨረታ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል። አትላንታ ሮናልድ አኩኛን በ21 ዓመቱ በስምንት ዓመትና በ100 ሚሊዮን ዶላር ያስፈረመችው በዚህ ስሌት ነው። አደጋ የለውም አልልም፤ ናሽናልስ በ2023 ለኬይበርት ሩይዝ የሰጡት የስምንት ዓመትና የ50 ሚሊዮን ውል እስካሁን አላዋጣም። ቢሆንም ሃምሳ ሚሊዮን ሲጠፋ ከሁለት መቶ አርባ አምስቱ ጋር አይወዳደርም፤ ያተረፈ ጊዜ ደግሞ ለዓመታት ያተርፋል።

አንደኛ ቤዙና ወርዋሪዎቹ ይገዙ፤ ግን በአንድ ዓመት ውል። በ2023 ሄይመር ካንዴላሪዮ በ5 ሚሊዮን ዶላር መጣ፣ አራት ወር ያህል መታ፣ በጁላይ መጨረሻ ወደ ከብስ ተሸጠ፤ በምትኩ ሁለት ወጣቶች መጡ፤ ከእነሱ አንዱ፣ ወርዋሪው ዲጄ ኸርዝ፣ በማግስቱ ዓመት ለዋሽንግተን መጫወት ጀመረ። እንዲህ ያለ ግዢ ጋዜጣ ላይ ትልቅ ርዕስ አይወጣለትም፤ የግራውን ዓምድ የሚሞላው ግን እሱ ነው።

ጎርን በተመለከተ አንባቢዬ እንዳይቀየሙኝ፤ ጥሩ ዋጋ ከመጣ ይሸጥ። ሁለት ዓመት ብቻ ቀርቶታል፤ የተሸጠበት ወር በዘገየ ቁጥር ገዢው የሚያገኘው ጊዜ ያጥራል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከቦስተን የመጣው አዲሱ ኃላፊ ፖል ቶቦኒ ይህን አያጣውም ብዬ አስባለሁ።

የደጋፊው ቁጣ ግን ቦታ አለው። ዉድን የመሰለ ተጫዋች በወለል ደመወዝ ሲጫወት የሚተርፈው ገንዘብ የት ይሄዳል? በአሜሪካ ቤዝቦል ቡድን ቢያንስ ይህን ያህል ለደመወዝ ያውጣ የሚል ግዴታ የለም። ደጋፊውም ሆነ ልዩ ክፍያውን ሲያዋጣ የኖረው ነጋዴ መጠየቅ ያለበት «ለምን ኮከብ አትገዙም?» ሳይሆን «በእነዚህ ልጆች ያተረፋችሁትን ለእነዚሁ ልጆች ውል አዋላችሁት ወይ?» ብሎ ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ሊናጋ ይችላል። የባለቤቶቹና የማኅበሩ ስምምነት በዲሴምበር 1, 2026 ያበቃል። ባለቤቶች የደመወዝ ጣሪያ ይሻሉ፤ ማኅበሩ ከሚለር ዘመን ጀምሮ ጣሪያ የሚባል ነገር አይሰማም። ያለፈው ስምምነት ሲያልቅ ሊጉ 99 ቀን ተዘግቶ አንድም ጨዋታ ሳይሰረዝ ተከፈተ፤ በ1994 ግን የፍጻሜው ውድድር ራሱ ቀርቷል። በናሽናልስ ፓርክ ዙሪያ በ81 የሜዳ ጨዋታዎች ላይ ተመሥርታችሁ የመኪና ማቆሚያ ቦታ የምትከራዩ፣ ምግብ የምታቀርቡ፣ ሠራተኛ የምትቀጥሩ ወገኖች የ2027ን ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጨዋታ ቢሰረዝ ኪራዩ ይቀነስ እንደሆነ የሚደነግግ አንቀጽ እንዳለው አረጋግጡ።