የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና ውጤት የሚጸናው በዕድሜ ልክ ክትትል ነው

ከመጠን ያለፈ ውፍረት ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብና ለመገጣጠሚያ በሽታዎች የሚያጋልጥ የጤና ችግር መሆኑ ይታወቃል። በምግብ ቁጥጥርና በአካል እንቅስቃሴ ክብደታቸውን መቀነስ ላልቻሉ ሰዎች የሕክምናው ዓለም ካቀረባቸው አማራጮች አንዱ ጨጓራን በማሳነስ ወይም የምግብን መተላለፊያ በመለወጥ የሚከናወነው ቀዶ ሕክምና ነው። ስለዚህ ሕክምና ሲነገር ጎልቶ የሚሰማው የሚቀንሰው የኪሎ መጠን ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቤቱና ወደ ሥራ ገበታው ከተመለሰ በኋላ ስለሚጠብቀው ረጅም የማገገሚያና የክትትል ጊዜ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው።

ሕክምናው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ምግብ አብዛኛውን የጨጓራ ክፍል አልፎ ወደ ትንሹ አንጀት እንዲገባ የሚያደርገውን ስልት ለክብደት መቀነሻነት ተጠቅመውበታል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት መግለጫ ሕክምናው ለማን እንደሚሰጥ በሰውነት ክብደት መለኪያ ወስነው ነበር። መለኪያው የሚሰላው የአንድን ሰው ክብደት በኪሎ ግራም በመውሰድ፣ በሜትር የተለካው ቁመቱ በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር በማካፈል ነው። በወቅቱ መነሻው 40፣ ተያያዥ ሕመም ላለባቸው ደግሞ 35 ነበር። የአሜሪካና ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2022 በጋራ ባወጡት መመሪያ ግን መነሻው 35 እንዲሆን፣ የስኳር በሽታን የመሰለ ችግር ላለባቸው ደግሞ ከ30 ጀምሮ እንዲታሰብ መክረዋል።

በአሁኑ ወቅት በስፋት የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። አንደኛው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ የሚወጣበትና ቀሪው እንደ ቀጭን ቱቦ ሆኖ የሚቀርበት ነው። በሁለተኛው በጨጓራ አናት ላይ እንቁላል የሚያህል ትንሽ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚከናወኑት ሆድ በሰፊው ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ ካሜራና መሣሪያዎች ነው።

ውጤቱ የሚገኘው ጨጓራው ስላነሰ ብቻ አይደለም። ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በተለይ በመጀመሪያው ስልት ይቀንሳል። ጥጋብን የሚያሳውቁና ኢንሱሊን እንዲመነጭ የሚረዱ የአንጀት ሆርሞኖች ደግሞ ይጨምራሉ። በመሆኑም የስኳር ሕሙማን የደም ስኳር ክብደታቸው ብዙ ሳይቀንስ ገና በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊሻሻል ይችላል። ይሁን እንጂ ቀድሞ ይወስዱት የነበረውን ኢንሱሊን ወይም የስኳር መድኃኒት በነበረበት መጠን ከቀጠሉ ስኳራቸው ለአደጋ በሚያጋልጥ ደረጃ ሊወርድ ስለሚችል መጠኑን ሐኪም ወዲያውኑ ማስተካከል ይኖርበታል። የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ክትትል ያሻዋል።

ስለ ሕክምናው ዘላቂ ውጤት ሰፊ መረጃ ካስገኙት ጥናቶች መካከል በስዊድን የተካሄደው ይጠቀሳል። በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ላርስ ሾስትረም የተመራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀምሮ እስከ 2001 ድረስ 4,047 ሰዎችን መዝግቧል። ከእነዚህም 2,010 ያህሉ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሲሆኑ 2,037 የሚሆኑት ደግሞ የተለመደውን ሕክምና ያገኙ ነበሩ።

ጥናቱ እንዳሳየው ክብደት በእጅጉ የሚቀንሰው በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ከቀነሰው ላይ የተወሰነው ይመለሳል። የአንጀት መተላለፊያ ለውጥ የተደረገላቸው ታካሚዎች በመጀመሪያ ከክብደታቸው በአማካይ 32 በመቶ የቀነሱ ሲሆን ከ10 ዓመት በኋላ ቅነሳው ወደ 25 በመቶ ወርዷል። የስኳር በሽታን በተመለከተም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሪፖርት ተመሳሳይ ሁኔታን ያመለክታል። አስቀድሞ በሽታው ከነበረባቸውና ቀዶ ሕክምና ካደረጉት መካከል በሁለተኛው ዓመት 72 በመቶ የሚሆኑት ከበሽታው ምልክት ነጻ የነበሩ ሲሆን በአሥረኛው ዓመት ቁጥሩ 36 በመቶ ሆኗል። ቀዶ ሕክምና ባላደረጉት ዘንድ በአሥረኛው ዓመት የተመዘገበው 13 በመቶ ነበር።

በዕድሜ ላይ ያለው ውጤትም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የጥናቱ ሪፖርት መሠረት ቀዶ ሕክምና ያደረጉት ሰዎች ካላደረጉት ይልቅ ሦስት ዓመት ያህል ረዘም ያለ ዕድሜ እንዳላቸው ተረጋግጧል። ሆኖም ዕድሜያቸው ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በ5 ዓመት ተኩል ያነሰ ነበር። ከእነዚህ አኃዞች መረዳት የሚቻለው ሕክምናው ትልቅ ጥቅም ያለው ቢሆንም በሽታውን ከሥሩ ነቅሎ የማይጥል መሆኑንና ታካሚው ከሐኪሙ ጋር ያለው ግንኙነት መቋረጥ እንደማይገባው ነው።

የማገገሚያው ጊዜ የሚጀምረው ከቀዶ ሕክምናው ዕለት አንስቶ ነው። ደም በእግር ሥሮች ውስጥ እንዳይረጋ ታካሚው በዚያው ቀን ተነሥቶ እንዲራመድ ይደረጋል። ችግር ካላጋጠመ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ከሆስፒታል ይወጣል። ቤት ከገባ በኋላ የልብ ምት መፍጠን፣ ትኩሳት፣ እየበረታ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም የማያቋርጥ ትውከት ከታየ በአፋጣኝ ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በተለይ የልብ ምት መፍጠን የተሰፋው የጨጓራ ክፍል ማፍሰሱን የሚጠቁም ቀዳሚ ምልክት ሊሆን ስለሚችል በቸልታ መታለፍ የለበትም።

አመጋገብ ደረጃ በደረጃ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃና ቀጭን ፈሳሽ፣ ቀጥሎ ወተትና ሾርባን የመሳሰሉ ፈሳሾች፣ ከዚያም የላመና ለስላሳ ምግብ ይሰጣል። ወደ ተለመደው ጠንካራ ምግብ መመለስ የሚቻለው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው። እንጀራና ዳቦም ጊዜው ሲደርስ በጥቂት በጥቂቱ፣ በደንብ ታኝከው መሞከር አለባቸው። በየቀኑ ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ማግኘትና አንድ ሊትር ተኩል የሚሆን ፈሳሽ በትንንሽ ጉንጭ መጠጣት ይመከራል። ፈሳሽ ከምግብ ጋር አይጠጣም፤ ከተበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ያስፈልጋል።

በቢሮ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። ከባድ ዕቃ ማንሣት ግን እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ይከለከላል። የሥራ ኃላፊዎችና ባልደረቦች ሊያግዙ የሚችሉበት መንገድ ቀላል ነው። ታካሚው በረጅም ስብሰባ መካከል ውኃ እንዲጎነጭ፣ በየሦስትና አራት ሰዓቱ ጥቂት እንዲመገብና ተነሥቶ እንዲንቀሳቀስ መፍቀድ በቂ ነው። በግብዣ ላይም «በሞቴ» እያሉ ማጉረስ ከፍቅር የመነጨ ቢሆንም፣ ጥቂት ጉርሻ ብቻ ሊይዝ የሚችል ጨጓራ ያለውን ሰው ለሕመምና ለትውከት እንደሚዳርግ መገንዘብ ይገባል።

የመተላለፊያ ለውጥ የተደረገላቸው ሰዎች ስኳር የበዛበት ምግብ ወይም መጠጥ ሲወስዱ ምግቡ በፍጥነት ወደ አንጀት ስለሚወርድ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ሊያጋጥማቸው ይችላል። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር መውረድ ይከሰታል። ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም በቀላሉ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም በእነዚህ ታካሚዎች ላይ የጨጓራ ቁስለት ስለሚያስከትሉ ሊወሰዱ አይገባም። ሲጋራ ማጨስም ለተመሳሳይ አደጋ ያጋልጣል።

ከሁሉም በላይ ሊዘነጋ የማይገባው የቫይታሚንና የማዕድን እጥረት ነው። ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሊክ አሲድ፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ከሕክምናው በኋላ በበቂ መጠን ስለማይገኙ ተጨማሪ እንክብሎችን ዕድሜ ልክ መውሰድ ግድ ይላል። ካልሲየም የብረትን ወደ ሰውነት መግባት ስለሚቀንስ ሁለቱ በሁለት ሰዓት ልዩነት ይወሰዳሉ። የደም ምርመራም በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወራቱ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መደረግ አለበት። እጥረቱ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ በደም ማነስ፣ በአጥንት መሳሳት ወይም በእጅና እግር መደንዘዝ ሊገለጥ ይችላል።

ትውከት ለቀናት ከዘለቀ የቫይታሚን ቢ1 ክምችት በሳምንታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። በዚህ ጊዜ የሚታዩት የአእምሮ መደናገር፣ የዓይን እንቅስቃሴ መዛባትና ሲራመዱ መንገዳገድ በአስቸኳይ ካልታከሙ ዘላቂ የአንጎል ጉዳት ያስከትላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ታካሚ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ወይም አብሮ ቫይታሚን ቢ1 በመርፌ ሊሰጠው ይገባል። ስለዚህም ታካሚው ወደ የትኛውም የጤና ተቋም ሲሄድ ቀዶ ሕክምናውን ማድረጉን አስቀድሞ መናገር ይኖርበታል።

የሃይማኖት ጾምም በክትትሉ ውስጥ የሚታይ ጉዳይ ነው። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል በማይበላባቸው የጾም ወራት ፕሮቲን የሚገኘው እንደ ምስር፣ አተር፣ ሽንብራና ባቄላ ከመሳሰሉት ጥራጥሬዎች በመሆኑ ሽሮውና ክኩ ከእንጀራው ቀድሞ እንዲበላ ይመከራል። ቀኑን ሙሉ ውኃ በማይጠጣበት የረመዳን ጾም ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሰውነት ድርቀት ያሰጋል። በሁለቱም እምነቶች ለሕመምተኛ የተተወ ፈቃድ ስላለ ከሐኪምና ከሃይማኖት አባት ጋር መመካከር ተገቢ ነው።

ሴቶች ክብደታቸው ሲቀንስ የመፀነስ ዕድላቸው ይጨምራል። ይሁንና ለእናቲቱም ሆነ ለፅንሱ ደኅንነት ሲባል ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ እርግዝናን ማዘግየት ይመከራል። ከመተላለፊያ ለውጥ በኋላ የሚዋጥ የእርግዝና መከላከያ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል ሌላ ዘዴ መምረጥ ያስፈልጋል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር የሚታየው የፀጉር መነቃቀል ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ የሚስተካከል ነው። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሚፈጠረውን የሐሞት ጠጠር ለመከላከል ግን ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።

የአእምሮ ጤናም ትኩረት ይሻል። ምግብን የጭንቀት ማስታገሻ አድርጎ የኖረ ሰው ያ መንገድ ሲዘጋበት ወደ መጠጥ ሊያዘነብል ይችላል። ከመተላለፊያ ለውጥ በኋላ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ ቀድሞ የማያሰክረው መጠን ያሰክረዋል። የስዊድኑን ጨምሮ የተደረጉ ጥናቶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ራስን የመጉዳት አደጋ ከፍ እንደሚል አመልክተዋል። በመሆኑም ቤተሰብ የታካሚውን ስሜት መከታተልና የቆዳ መርገብን ወይም የክብደት መመለስን ምክንያት በማድረግ ከመውቀስ መቆጠብ አለበት። ክብደት መመለሱ የስንፍና ምልክት ሳይሆን ሰውነት የቀድሞ ክብደቱን ለማስመለስ የሚያደርገው ጥረት ውጤት ጭምር ነው። ይህም በአመጋገብ ምክር፣ በእንቅስቃሴና እንደ አስፈላጊነቱ በመድኃኒት ሊታገዝ ይችላል።

ቀዶ ሕክምናውን በውጭ አገር አድርጎ ወደ አገሩ የሚመለስ ሰው ከሁሉም አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው የሕክምና ማስረጃ ነው። የተሠራው የቀዶ ሕክምና ዓይነት፣ ቀኑ፣ የታዘዙት መድኃኒቶችና የደም ምርመራው ውጤት በጽሑፍ ከሌለ፣ በአገር ውስጥ የሚያየው ሐኪም የትውከቱን ወይም የሆድ ሕመሙን መንስኤ ለማወቅ ይቸገራል። ከጉዞው በፊት በአገሩ ክትትል የሚያደርግለትን ሐኪም መለየትና የቫይታሚኖቹን አቅርቦትና ወጪ ማስላትም ይጠበቅበታል። ቀዶ ሕክምናው በጥቂት ሰዓታት የሚጠናቀቅ ሲሆን ያስገኘውን ጤና ለዓመታት የሚጠብቀው ታካሚው፣ ቤተሰቡ፣ የሥራ ባልደረቦቹና ሐኪሙ በጋራ የሚያደርጉት ያልተቋረጠ ክትትል ነው።