ጎማው ፍሬን የሆነለት አውሮፕላን

እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ ከስዊድን ተገዝተው ቢሾፍቱ የገቡት ሳብ 17 አውሮፕላኖች ከሰማይ ቁልቁል ተወርውረው ቦምብ የሚጥሉ ነበሩ። ያን ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ያደራጁት ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ናቸው፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኛ ያመላለሱት።

ሳብ 17 ከ1,000 ፈረስ ጉልበት በላይ ያለው አንድ ሞተር ነበረው። አግድም ሲበር በሰዓት 435 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚህ ፍጥነት ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚጎትትበት ጉልበት ሲሰላ ከ500 ኪሎ ብዙም አያልፍም። ቦምብ የጫነው አውሮፕላን ክብደት ግን ወደ 4,000 ኪሎ ይጠጋል። አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት ከደፋ የምድር ስበት ከሞተሩ ሰባት እጥፍ በላይ ይስበዋል ማለት ነው። በ30 ዲግሪ ብቻ ቢያዘቀዝቅ እንኳ የክብደቱ ግማሽ ለፍጥነቱ ይሠራለታል።

ፕሮፔለር ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይደክማል። የሞተሩ ኃይል ባለበት ሆኖ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን የሚጎትትበት ጉልበት ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። አብራሪው ነዳጅ ሲቀንስማ ነገሩ ይገለበጣል፤ ነፋሱ ራሱ ፕሮፔለሩን ያዞረዋል፣ ይጎትት የነበረው አሁን ይገታል።

የቀረው ገቺ አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየር ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ያም ሆኖ እንደ ሳብ ያለ ለስላሳ አካል ተቃውሞው ከስበቱ ጋር እስኪተካከል ከተጠበቀ ክንፉ ሊገነጠል ይችላል። ስዊድኖቹ ያገኙት መላ ቀላል ነው፤ አብራሪው ሊወረወር ሲል ጎማዎቹን ያወርዳል። የጎማዎቹን እግር የሚሸፍኑት ሰፋፊ ክዳኖች ነፋሱን ተጋፍጠው ፍሬን ይሆናሉ። ለማረፊያ የተሠራ ነገር ለጦርነት መዋሉ የዚህ አውሮፕላን ብልሃት ሁሉ ቁንጮ ነው።

የአንኮበር ገደል ላይ የሚያንዣብብ ጭልፊትም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሞተር ስለሌለው ክንፉን አጥፎ ይወርዳል፣ ዘርግቶ ይገታል። ከጭልፊት ወገን ፈጣኑ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይወረወራል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ስሌቱ ይከብዳል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሚወፍር፣ ያንኑ ተቃውሞ ለማግኘት 15 በመቶ ያህል መፍጠን ግድ ነው። ከፍታ መለኪያው 4,000 ሜትር እያሳየው ከከተማዋ በላይ የሚወረወር አብራሪ ከሥሩ ያለው 1,200 ሜትር እንኳ አይሞላም። በሰዓት 540 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብሎ ቢወርድ መሬት ለመድረስ ስምንት ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም፤ በአራት እጥፍ ስበት ታጥፎ ቀና ለማለት ብቻ ደግሞ ወደ 600 ሜትር ይበላል። ከአንኮበር ጠርዝ ወደ ምሥራቅ ካለፈ፣ መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ስለሚወርድ፣ ያው 4,000 ሜትር ብዙ ትርፍ ይሰጠዋል፤ ታች የሚጠብቀው አየርም ወፍራም ስለሆነ ክዳኖቹ ይበልጥ ይገታሉ።