ከየትም የሚጀመር ሥዕል

የንግሥተ ሳባን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል ያላየ ተማሪ በመካከላችን አለ ለማለት ያስቸግራል። አንዱ ሸራ በረድፍ በረድፍ ተከፍሎ፤ ብዙ ጊዜ 44 ትንንሽ ሥዕሎች ይሣሉበታል። አነባበቡም እንደ ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ ከዘንዶው ይጀምራል፤ ንግሥቲቱ ወደ ኢየሩሳሌም ትሄዳለች፤ ምኒልክ ይወለዳል። ሠላሳኛውን ከሦስተኛው በፊት ያየ ሰው ታሪኩ ይደናገረዋል።

አሁን ደግሞ አቶ እስክንድር ቦጎስያን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 የሠሩትን «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለውን ሥዕል እንመልከት። በጨለማ ሰማይ ላይ ክንፍ ያላቸው ፍጥረቶች ይበራሉ። ረድፍ የለም፤ ከሥር የተጻፈ መግለጫም የለም። ዓይን ከክንፉ ቢጀምር ወይም ከሰማዩ ቢጀምር ተሳሳተ የሚለው የለም። አርእስቱ ራሱ ፍርሃትንና ደስታን አጣምሮ ትቶልናል፤ የትኛው እንደሚበልጥ ግን አልነገረንም።

እንዲህ ያለውን ሥዕል አንዳንዶች «እንደ ቅኔ ሰምና ወርቅ ነው» ይላሉ። ለእኔ ግን ልክ አይመስለኝም። በቅኔ ወርቁን ባለቅኔው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የሰሚው ድካም እሱን ቆፍሮ ማውጣት ነው። በዚህ ሥዕል ግን ተቀብሮ የሚጠብቀን አንድ ወርቅ የለም።

ታዲያ ሁሉም የራሱን ካየ ሠዓሊው ምን ተናገሩ? ይህ ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ቀለም በትኖ «እንደ ወደዳችሁ ተርጕሙት» የሚል ሰነፍም ሊጠጋበት ይችላልና። መልሱ ከአሠራሩ ይገኛል። ሠዓሊው የተውልን የመንገዱን ተራ እንጂ የሥዕሉን ሥርዓት አይደለም። አንዱ ቀለም በአንድ ጥግ ታይቶ በሌላው ጥግ ሲደገም ዓይናችን ከዚህ ወደዚያ ይሳባል፤ የጨለማው ስፋት ደግሞ ክንፎቹን ያጎላቸዋል። አንዱን ቀለም ብናነሣ ዙሩ ይቋረጣል። ስለዚህ ብዙ በር ያለው ቤት ግድግዳ የለውም ማለት አይደለም።

ይህ ሐሳብ ከውጭ ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። አቶ እስክንድር በ1955 ለትምህርት ወደ ሎንዶን ሄደው፤ ኋላም በፓሪስ ብዙ ዓመት ተቀምጠው፤ እንደ ኩባዊው ዊፍሬዶ ላም ያሉትን ሠዓልያን ሥራ አይተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ከአገራቸው የብራና ጥቅልሎችም ወስደዋል። በጠልሰሙ ላይ ዓይኖች ከመካከል አፍጥጠው ይታያሉ እንጂ ታሪክ በተራ አይተርኩም። በመጻሕፍቱ ራስጌ ያለውንም ሐረግ በጣቱ የተከተለ ሰው፤ መስመሩ በመስመር ውስጥ ገብቶ ሲወጣ የጀመረበትን ቦታ ይረሳል።

በ1966 ተመልሰው እስከ 1969 በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ኋላም በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ዘመን አስተምረው በ2003 ዐረፉ። «የሌሊት በረራ» ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እኛ ሥዕሉን የምናየው በመጽሐፍ ታትሞ ነው፤ መጽሐፉን ገልብጦ መያዝ ግን ማንንም አይከለክልም።