«ግቢ» የገባ ልጅ የማንን በር ያንኳኳ?

ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪ ሲጠሩ የሚያወጡት ማስታወቂያ ከአገር ጫፍ እስከ ጫፍ ይመሳሰላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ዋናውና ኮፒው፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ቤተሰብ ይህን ዝርዝር ይዞ ገበያ ይወጣል። እናት በሶና ጭኮ ታዘጋጃለች፤ አባት የአውቶቡስ ትኬት ይቆርጣል። ዝርዝሩ ላይ የማይገኝ ነገር ግን አለ፤ ልጁ ሲታመም፣ ሆድ ሲብሰው፣ ትምህርቱ ሲከብደው ወይም ገንዘብ ሲያልቅበት የትኛውን ቢሮ እንደሚጠይቅ የሚነግረው የለም።

ቢሮው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። በአገሪቱ ያሉት ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች፣ ስያሜው ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ የተማሪዎች አገልግሎት የሚባል ክፍል፣ ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ የሴቶች ጉዳይ ቢሮና ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ አላቸው። አቅማቸው እኩል አይደለም፤ አንዳንዱ ቢሮ ጠረጴዛና ወንበር ብቻ የያዘ ይመስላል። ከአቅም እጥረቱ በላይ ተማሪውን የሚጎዳው ግን አገልግሎቱ ፈልጎት የማይመጣ መሆኑ ነው። እስከ 12ኛ ክፍል ስሙን የሚያውቅ የክፍል ኃላፊ ነበረው፤ ሲቀር ወላጅ አምጣ ይባል ነበር። በሺዎች መካከል ሲገባ ማንም ስሙን አይጠራም፤ ችግሩን ራሱ ይዞ መሄድ አለበት። አብዛኛው ጉዳይ ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው፤ ቀኑ ካለፈ እውነተኛ ችግር ያለበት ተማሪ እንኳ ሰሚ ያጣል። ወላጅ ከሩቅ ሆኖ ሊያደርግ ከሚችለው ሁሉ የሚበልጠው በሮቹን አስቀድሞ ማወቅና ልጁን በጊዜ እንዲያንኳኳ መምከር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከሚፈራው በላይ ይቀላል። በመግቢያው ሰሞን ነባር ተማሪዎች ባነር ይዘው መናኸሪያ ላይ አዲስ ገቢዎችን ይጠብቃሉ፤ የዩኒቨርሲቲው አውቶቡስ ሻንጣውን ጭኖ ወደ ግቢ ይወስዳቸዋል። በምዝገባ ክፍሉ (ሬጅስትራር) ተመዝግበው የዶርም ቁጥር፣ መታወቂያና የምግብ ካርድ ይቀበላሉ። ዶርም ሲደርሱ የሚያገኙት ሠራተኛ ፕሮክተር ይባላል። ቁልፍ የሚያስረክበው፣ አልጋና ፍራሽ የሚቆጥረው፣ የተሰበረውን የሚያስጠግነው፣ አብረው በሚያድሩ ልጆች መካከል ጠብ ሲነሳ ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው። ሌሊት አንድ ተማሪ ቢታመምም ጓደኞቹ የሚሮጡት ወደ ፕሮክተሩ ነው። አንድ ወላጅ ከዩኒቨርሲቲው አንድ የስልክ ቁጥር ብቻ መያዝ ቢፈቀድለት ከፕሬዚዳንቱ ቢሮ ይልቅ የልጁን ሕንፃ ፕሮክተር ቁጥር ቢመርጥ ይጠቀማል።

ምግብ ላይ ተማሪዎች «ካፌ» እና «ኖን ካፌ» ተብለው ይለያሉ። ካፌ የሆነው በካርዱ በቀን ሦስት ጊዜ ግቢ ውስጥ ይመገባል፤ ኖን ካፌው ለምግብ የተመደበለትን ገንዘብ በየወሩ ወስዶ እንደፈለገ ይመገባል። ለዓመታት ለአንድ ተማሪ የሚያዘው የቀን የምግብ በጀት እጅግ አነስተኛ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ነው ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ያለው። ኖን ካፌ መሆን ነፃነት ስለሚመስል አዲስ ገቢዎችን ያጓጓል። ከቤቱ ወጥቶ ገንዘብ ይዞ የማያውቅ ልጅ ግን ወሩ ሳይጋመስ ኪሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት በካፌ ቢያሳልፍ ይመረጣል፤ የካፌው ሽሮ ቢሰለችም ሰዓቱን ጠብቆ ይቀርባል።

የዶርሙና የካፌው ወጪ በመንግሥት የተሸፈነ ስጦታ የሚመስላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪዎች «ኮስት ሼሪንግ» በሚሉት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። ክፍያው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ የሚፈጸም ሲሆን፣ ውሉ የሚፈረመው ግን ገና ተማሪ ሳለ ነው። ቤተሰቡ ጋ እያደረ የሚማር፣ ምግብም መኝታም ከዩኒቨርሲቲው ያልወሰደ ተማሪ የእነዚህ ዕዳ ሊጻፍበት አይገባም። ለፊርማ ሲሰለፉ ቅጹን ሳያነቡ መፈረም የተለመደ ነው፤ ወላጅ «ምን ብለህ ሞላህ?» ብሎ ቢጠይቅ ከዓመታት በኋላ ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ሲኬድ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

የክሊኒኩ ጉዳይ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ክሊኒኩ የሚያክም ብቻ ሳይሆን ማስረጃ የሚሰጥም ቦታ ነው። እንበልና አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በፈተና ሰሞን ታይፎይድ ያዛት። ለማንም ሳትናገር ተሳፍራ አገሯ ገባች። እናቷ አጥሚትና ሾርባ እያጠጣች አስታመመቻት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ድና ተመለሰች። ቤተሰቡ ያደረገው ነገር ሁሉ ትክክል ነው። በሬጅስትራር መዝገብ ላይ ግን ልጅቷ ፈተና ያልተቀመጠች፣ ትምህርቷን ጥላ የሄደች ተማሪ ሆና ትገኛለች። ይህችው ልጅ መጀመሪያ በግቢው ክሊኒክ ታይታ የሐኪም ወረቀት ብትይዝ፣ ወረቀቱንም በተባለው ቀን ለዲፓርትመንቷ ብታስገባ ያመለጣትን ፈተና በሜክአፕ ለመፈተን ማመልከት ትችል ነበር።

ሕመሙ የሚረዝም ከሆነ ደግሞ መንገዱ ትምህርትን ለጊዜው ማቋረጫውን፣ ዊዝድሮው የሚባለውን መሙላት ነው። ተማሪው በቂ ምክንያቱን አቅርቦ ቅጽ ይሞላል፤ ከቤተ መጻሕፍቱ፣ ከዶርሙና ከሌሎች ክፍሎች ዕዳ እንደሌለበት ክሊራንስ ያስፈርማል፤ የተፈረመለትን ኮፒ ይዞ ይወጣል። ሲሻለው በወቅቱ ሪአድሚሽን ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። ሕመም ብቻም አይደለም፤ የቤተሰብ ሐዘን፣ የወሊድ ጉዳይ፣ አሳዳጊን በሞት ማጣትም በዚሁ መንገድ ሊቀርብ ይችላል። ሳይሞላ የሄደ ተማሪ ግን ተመልሶ ለመግባት የሚያነሳው ምክንያት ምንም ያህል እውነት ቢሆን መንገዱ ጠባብ ነው። ልጃቸው በድንገት ሻንጣውን ይዞ ቤት የገባባቸው ወላጆች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጥያቄ «ዊዝድሮው ሞልተሃል?» የሚል ቢሆን ስንት ልጅ በዳነ! ያልሞላ ከሆነ ትኬት ተቆርጦለት በማግስቱ መመለስ አለበት፤ መንቀሳቀስ ካልቻለም ቤተሰብ የሕክምና ማስረጃውን ይዞ ወደ ሬጅስትራር መሄድ ይኖርበታል። ከውጭ የመጣን የሐኪም ወረቀት በብዙ ግቢዎች ክሊኒኩ እንዲያየው ስለሚጠየቅ ዋናውን መያዝ ይበጃል።

ክሊኒኩ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ሪፈር ይጽፋል። እንደ ጎንደር፣ ጅማና ሐዋሳ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው ትልልቅ ሆስፒታሎች ስላሏቸው ተማሪው ሩቅ አይሄድም፤ ሌሎቹ በአቅራቢያቸው ወዳለ ሆስፒታል ይልካሉ። አስም፣ ስኳር ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ልጅ ሳያመው በፊት፣ በተመዘገበ በመጀመሪያው ሳምንት ካርድ ቢያወጣና ሁኔታውን ቢያስመዘግብ ጥሩ ነው። አብረውት ለሚያድሩ ልጆችም መንገር ያስፈልጋል፤ የሚጥል ሕመም ያለበት ጓደኛቸው ሲወድቅ ክብሪት ከመጫር በጎኑ ማስተኛት እንዳለባቸው ያወቁ የዶርም ጓደኞች ሕይወት ያተርፋሉ።

ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው የአእምሮና የስሜት ጉዳይ ላይ ነው። በየግቢው የምክር አገልግሎት አለ፤ ተማሪዎች «ካውንስሊንግ» ይሉታል። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪ አብዷል የሚባል ስለሚመስለው ብዙው ይሸሻል። በሰፈሩ አንደኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ሁሉም አንደኛ የነበሩበት ክፍል ውስጥ ሲገባና የመጀመሪያው ፈተና ላይ ሲወድቅ የሚሰማው ድንጋጤ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ናፍቆት፣ የማያውቀው ቋንቋና አየር አለ፤ ከግቢው በር ወጣ ሲባል ደግሞ ጫት ቤቱ ይጠብቃል። በስልክ «ደህና ነህ?» ሲባል የሚመልሰው ግን «ደህና ነኝ» ብቻ ነው። ጠበብ ያሉ ጥያቄዎች የተሻለ መልስ ያመጣሉ፤ ትናንት ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምሳ ከማን ጋር እንደበላ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ እንደቀረ። እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከራቀ፣ መብላት ካቆመ ወይም መኖር አስጠላኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን «ጠንከር በል» ብሎ ስልክ መዝጋት ያስቆጫል። በዚያው ቀን ጓደኛው ወይም ፕሮክተሩ አጅቦ ክሊኒክ እንዲያደርሰው መደወል ያስፈልጋል። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ሕክምናውንም አያቋርጥ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል።

ሴት ልጅ የላኩ ወላጆች የሴቶች ጉዳይ ቢሮን ሊያውቁት ይገባል። ስሙ በየግቢው ይለያያል፤ ሥርዓተ ፆታም የሚሉት አሉ። ቢሮው ለሴት ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃል፤ አቅም የሌላቸውን በንጽሕና መጠበቂያ፣ በሳሙናና አንዳንዴም በኪስ ገንዘብ ይደግፋል። ከሁሉ የሚከብደው ሥራው ግን ትንኮሳና ጥቃት ሲደርስ አቤቱታ መቀበል ነው። ትንኮሳው ውጤት ከሚሰጥ ሰው ሲመጣ ልጅቷ ዝም ለማለት ትገፋለች። ለቤቷ ብትናገር ከትምህርቷ እንደምትቀር የምትፈራ ልጅ ለቢሮውም አትናገርም። ስለዚህ ገና ከቤት ሳትወጣ «የደረሰብሽን ብትነግሪን ከትምህርትሽ አናስቀርሽም» ብሎ ቃል መግባት ያስፈልጋል፤ ከየትኛውም ቢሮ በፊት ይህ ይቀድማል።

አካል ጉዳተኛ ተማሪን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ ተቋማት የመማሪያ ክፍሎችን እስከ መቀየር፣ አማራጭ የፈተና አሰጣጥ እስከ ማዘጋጀት፣ ተጨማሪ የፈተና ጊዜና የትምህርት መርጃ መሣሪያ እስከ መስጠት ድረስ አቅማቸው በፈቀደ እንዲያግዙ ይጠይቃል። አንድ ማየት የተሳነው ተማሪ ፈተና የሚያነብለት ሰው፣ ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ ምድር ቤት ዶርም ሲጠይቅ ምሕረት እየለመነ አይደለም። ጥያቄውን በጽሑፍ፣ ከሕክምና ማስረጃ ጋር፣ በምዝገባው ሳምንት ማቅረብ አለበት፤ ዶርም ከተደለደለና የፈተና ሰሌዳ ከወጣ በኋላ ማስተካከሉ ይከብዳል።

ከቢሮው ውጭ ያለው እርዳታ አንዳንዴ ከቢሮው ይፈጥናል። የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ግቢ ጉባኤ፣ የሙስሊም ተማሪዎች ጀመዓ፣ የፕሮቴስታንት ተማሪዎች ፌሎሺፕ አዲስ ገቢን ይቀበላሉ፣ ያስጠናሉ፣ ለተቸገረ ጓደኛ ሳንቲም ያዋጣሉ። ጎንደር ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲውና የከተማው ሕዝብ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» የሚል ሥራ ጀምረዋል፤ ከሌላ አካባቢ የመጣ ተማሪ በከተማው ውስጥ እንደ ልጅ ከሚቀበለው ቤተሰብ ጋር ይተሳሰራል፤ በዓልን አብሮ ይውላል፣ ሲከፋው የሚሄድበት ቤት ያገኛል። የጸጥታ ስጋት በበዛበት ዘመን ልጁን ሩቅ አገር ለላከ ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ በየከተማው ቢለመድ ምንኛ መልካም ነበር።

ትምህርቱን በተመለከተ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ሰው የተማሪው አማካሪ መምህር ነው። ለመመረቅ ቢያንስ 2.00 ድምር ውጤት ስለሚያስፈልግ፣ ከዚያ በታች የወረደ ተማሪ ማስጠንቀቂያ ሲደርሰው ኮርስ መቀነስ ወይም መድገም እንዳለበት የሚመክረው እሱ ነው። በየዲፓርትመንቱ ቱቶሪያል የሚሰጡ መምህራንና ጎበዝ ነባር ተማሪዎች አሉ፤ ነገር ግን ተማሪው የሚመዘገበው ፈተናው ሲቃረብ ከሆነ ፋይዳው ያንሳል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽ ሳያመጡ በአቅም ማሻሻያ (ሬሜዲያል) ትምህርት የገቡ ልጆች ወላጆች ይህን ከመጀመሪያው ወር መከታተል አለባቸው፤ የሬሜዲያል ጊዜ አጭር ነው፣ ያላለፈ ተማሪም የመጀመሪያ ዓመት (ፍሬሽማን) ተማሪ አይሆንም።

መጨረሻው ላይ የመውጫ ፈተናው አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ኮርሶቹን ሁሉ አልፎም ቢሆን በመውጫ ፈተናው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላገኘ ዲግሪውን አይወስድም። ዲፓርትመንቶች ለዚህ ሞዴል ፈተናና የክለሳ ትምህርት ያዘጋጃሉ። የምርቃት ድግስ የሚያስቡ ቤተሰቦች በግ ከመግዛታቸውና ዘመድ ከመጥራታቸው በፊት ውጤቱ እስኪወጣ ቢታገሡ ልጁን ከተጨማሪ ሐፍረት ያድኑታል። ያላለፈ ተማሪ በሌላ ዙር ደግሞ መፈተን ይችላል፤ ምዝገባው የራሱ ቀን ስላለው ቤቱ ተመልሶ ሳለም ከዲፓርትመንቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ማቋረጥ የለበትም። በዚህ መካከል ወላጅ የቀደሙ ፈተናዎችን የሚያጠናበት ጊዜና ጸጥ ያለ ክፍል ቢያመቻችለት፣ ከጎረቤት «ልጃችሁ ተመረቀ ወይ?» ለሚል ጥያቄም መልሱን እሱ ላይ ባይጥለው ይረዳዋል።